አረንጓዴው አያታልልህ

ቢኒ፦ ባለፈው ሳምንት በሀላባ አድርጌ ወላይታ ሶዶ ገባሁ። በመስኮት የሚታየው ሁሉ ለምለም ነው፤ በቆሎው፣ እንሰቱ፣ ሳሩ። አጠገቤ የተቀመጡ አባት «ልጄ፣ አረንጓዴው አያታልልህ» አሉኝ።

ሜሪ፦ እውነታቸውን ነው። በ2000 ዓ.ም. እኮ «አረንጓዴ ረሃብ» የተባለው ይኸው ነው። የበልጉ ዝናብ ቀረና ወቅቱ ካለፈ በኋላ መጣ። ሜዳው ለመለመ፣ ጎተራው ግን ባዶ።

ቢኒ፦ በቆሎው ገና ጉልበት አልደረሰማ!

ሜሪ፦ ስኳር ድንቹም አልነበረም። ወላይታ ላይ እኮ የበጋውን ክፍተት የሚሞላው እሱ ነው።

ቢኒ፦ እኔ ግን ሁሉን ነገር ዝናብ ላይ ማላከክ አይመቸኝም። አንዳንድ ወረዳ ላይ በካሬ ኪሎ ሜትር ከ500 ሰው በላይ ይኖራል። አያት ስምንት ጥማድ ነበራቸው እንበል። ለአራት ወንድ ልጅ ሲካፈል ሁለት ሁለት ጥማድ፣ ማለትም ግማሽ ግማሽ ሄክታር። የልጅ ልጆቹ ጋ ሲደርስ ጓሮ ነው የሚቀረው። ከዚያ ልጁ የሊስትሮ ሳጥኑን ይዞ አዲስ አበባ።

ሜሪ፦ ከልጁ በፊት የምትሄደው ላሚቱ ናት፤ የምትግጥበት የለማ። ላም ከሌለች ፍግ የለም፣ ፍግ ከሌለ ደግሞ እንሰቱ ይኮሰምናል። የሚገርመኝ ይሄን ማንም አያወራም፣ ሁሉም ስለ ደመና ነው የሚያወራው፣ እንሰት እኮ አንድ ዓመት ዝናብ ቢያጥር እንኳ ቆሞ ይጠብቅሃል፣ በቸገረህ ቀን ቆርጠህ ፍቀህ ቆጮ ታደርገዋለህ።

ቢኒ፦ ባንክ በይው በቃ።

ሜሪ፦ ባንክ ነው፤ ግን ለመድረስ አራት አምስት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። የራበው ሰው ደግሞ ሳይደርስ ይቆርጠዋል። ለተቸገረ ገበሬ እህል ወይም ገንዘብ የሚሰጠው ሴፍቲኔት ከ1997 ጀምሮ አለ፣ ነፍስ ያቆያል፣ ላም ግን አይመልስም።

ቢኒ፦ የእንሰቱን በሽታ፣ አጠውልጉን ረሳሽው። የገባሁበት ቤት ጓሮ ሰባት እግር እንሰት ቆጠርኩ። የአንዱ የመሃል ቅጠል ቢጫ ሆኖ ተንጠልጥሏል። እናትየው ሲቆርጡት ቢጫ ዝልግልግ ነገር ወጣ።

ሜሪ፦ ቢላው! በዚያው ቢላ ሌላውን ከነኩ አለቀ።

ቢኒ፦ እኔም ደንግጬ «እማማ፣ ቢላው በእሳት ይጋል» አልኳቸው። «አውቃለሁ ልጄ» አሉኝ። ልጃቸውን ጎረቤት ልከው ፍም እስኪያመጣ እየጠበቁ ነበር።

ሜሪ፦ ምድጃቸው ላይ እሳት የለም?

ቢኒ፦ ከጠዋት ጀምሮ የተጣደ ነገር አልነበረማ።