የቅበላው ቅርጫ፦ ለዕድራችን ጉባኤ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፤

ጾመ ነነዌን በሰላም አስፈጽሞ ለዚህ ቀን ያደረሰን አምላክ ይመስገን። ከነነዌ ማግስት ሁዳዴ እስኪገባ ያሉት ቀናት 11 ሲሆኑ፣ ረቡዕና ዓርብ እንደ ወትሮው ስለሚጾሙ ለፍስክ የሚቀሩልን 8 ብቻ ናቸው። የሩሲያ ኦርቶዶክሳውያን ሥጋውን አስቀድመው ትተው የመጨረሻውን ሳምንት በቅቤ፣ በወተትና በእንቁላል ይሰነብታሉ። እኛ ግን ሥጋውንም ወተቱንም የምንሰናበተው በአንድ ሌሊት በመሆኑ፣ የቅበላው ሥራ በመጨረሻዎቹ ቀናት ይደራረባል።

ይህ ድርርብ የሚያርፈው በእናቶቻችን ላይ ነው። ዶሮው እየተበለተ ቅቤው እየተነጠረ፣ በዚያው ጓዳ ሱፉና ኑጉ ይለቀማል፤ ስልጆውም እስኪኮመጥጥ ጊዜ ስለሚወስድ ቀደም ብሎ ይሰናዳል፤ ቅባት የነካው ድስት ሁሉ በአመድ ታሽቶ ይታጠባል። ወንዶች ይህን ድካም አይተን እንዳላየን ማለፋችን ሊበቃ ይገባል።

ዛሬ በተለይ ላነሣው የፈለግሁት ግን ስለ ቅርጫው ነው። በሬው ከታረደ በኋላ ጉበቱና ጨጓራው፣ ሻኛውና ጎድኑ ሳይቀር ለየመደቡ ይደለደላል፤ ደልዳዩ በኮባው ቅጠል ላይ ከተደረደረው ከአንዱ ቆርጦ ለሌላው እየጨመረ ያስተካክላል። ከዚያም ባለመደቦቹ ጠጠር ወይም ቁራጭ እንጨት ይሰጡና፣ የትኛው የማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው በየመደቡ ላይ ይጥለዋል፤ ባለጸጋውም ድኻውም የደረሰውን ያነሣል። በብዙ ሰፈር ገንዘብ ያልደረሰለት ሰው እንኳ «በኋላ ይከፍላል» ተብሎ ይገባ ነበር።

አሁን የበሬ ዋጋ ከብዙዎቻችን አቅም በላይ ሆኗል። በመሆኑም ብዙ ሰው ከሥጋ ቤት አንድ ሁለት ኪሎ ገዝቶ ወደ ቤቱ ይገባል። በዚህ የሚወቀስ የለም፤ ነገር ግን ሁሉም ለየራሱ ሲገዛ ያልገዛው ጎረቤት ማን እንደሆነ የሚያውቅ አይኖርም፤ በቅርጫ ጊዜ ግን የቀረው ሰው ወዲያው ይታወቅ ነበር።

ስለዚህ ዘንድሮ ዕድራችን ከሚያርዳቸው በሬዎች ከእያንዳንዱ አንድ መደብ፣ መክፈል ላልቻሉ አባሎቻችን እንዲለይ በአክብሮት ሐሳብ አቀርባለሁ። ይህ መደብ ከሌሎቹ እኩል ተደልድሎ ዕጣ ውስጥ የሚገባ እንጂ ከትራፊ የሚጠራቀም መሆን የለበትም፤ የሚወስዱትም ሰዎች ስም በጉባኤ ፊት አይጠራ። ዕርዱ ቅዳሜ ማለዳ ቢሆን፣ በሁለቱ ቀን ያላለቀውን ቋንጣ አድርጎ ለፋሲካ ለማቆየት ለሁሉም ጊዜ ይበቃል።

በሐሳቡ ላይ እንድትወያዩበት መድረኩን ለሰብሳቢያችን እመልሳለሁ።