ሙታንን የመቅበር ፈቃድ

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። በልቤ ሲመላለስ የከረመ ነገር ስላለ እሱን ላጫውታችሁ።

ባለፈው ወር እዚህ ማሳቹሴትስ ያለው የሐበሾች እድራችን ተሰብስቦ ነበር። ሰብሳቢያችን "ደከመኝ፣ ልጆች ተረከቡኝ" አሉ። ከዚያ ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። "እስቲ ሁለት ሳምንት ስጡኝ" ብዬ ወጣሁ። በልቤ ግን እምቢ ብያለሁ።

እድር መምራት ምን እንደሆነ አውቃለኋ። አባዬ ሽሮ ሜዳ የሰፈራችን እድር ዳኛ ነበር። ሌሊት በር ሲንኳኳ እማዬ "ማነው?" አትልም፤ ነጠላዋን ነው የምትፈልገው። ድንኳኑ ዝናብ መትቶት ሲመለስ እኛ ግቢ ይሰጣል። የእርጥብ ሸራ ሽታው እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ማታ ደግሞ አባዬ መዝገቡን ዘርግቶ ይቀመጣል። ማን ከፈለ፣ ማን ቀረ፣ ማን ቀብር ላይ ስሙ ሲጠራ አልነበረም።

አንድ ጭቅጭቅ አልረሳም። የስምንት ወር ውዝፍ ያለባት ጎረቤታችን ልጇ ሞተባት። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ውዝፍ ያለበት አይስተናገድም። ኮሚቴው ደንቡን ይዞ ተከራከረ። አባዬ ብዙ አልተናገረም። "ሬሳ ውዝፍ የለበትም" አለና ቁልፉን ይዞ ድንኳኑን ሊያወጣ ሄደ። ውዝፏን ከራሱ ኪስ እየቆጠበ እንደከፈለላት ያወቅነው እሱ ካረፈ በኋላ፣ ከመዝገቡ ላይ ነው።

ይህን ሁሉ እያብሰለሰልኩ አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ በኬምብሪጅ ኮመን መናፈሻ አቋረጥኩ። እዚያ በ2010 የተመረቀ፣ ከጥቁር ድንጋይ የተሠራ መታሰቢያ አለ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ። ስንት ጊዜ ዝም ብዬ አልፌዋለሁ። ያን ቀን ቆሜ አነበብኩት። የፕሪንስ ሆል መታሰቢያ ነው። ቤቴ ገብቼ ስለ ሰውዬው ማንበብ ጀመርኩ፤ ሳላስበው ነጋ።

ፕሪንስ ሆል ቦስተን ውስጥ በአንድ ቆዳ አልፊ ቤት ባሪያ ነበር። በ1770 ነፃ ወጣ። ከዚያም በዚያው በቆዳ ሙያ ኖረ። አሜሪካ ከእንግሊዝ ነፃ ለመውጣት በተዋጋችበት ጊዜ ለቦስተን መድፈኞች የከበሮ ቆዳ ሸጧል። በእንግሊዝ ጦር ውስጥ የነበረ አንድ የፍሪሜሶን፣ ማለትም የምሥጢራዊ ወንድማማችነት ማኅበር እሱንና ሌሎች 14 ነፃ ጥቁሮችን በአባልነት ተቀበላቸው። እነሱም የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ፤ የአፍሪካ ሎጅ ይባላል። መሪው እሱ ሆነ።

ፍሪሜሶን የሚለው ቃል እኛ ዘንድ ብዙ ጥርጣሬ እንዳለበት አውቃለሁ። ስለ ምሥጢራቸው ላወራ አልተነሣሁም። እኔን የያዘኝ የሰውዬው አገልግሎት ነው።

በ1784 የፍሪሜሶኖች ዋና ማኅበር ወዳለበት ወደ ለንደን የጻፈው ደብዳቤ አለ። ሙሉ የፈቃድ ወረቀት እንዲሰጣቸው ይጠይቃል። እስካሁን የተፈቀደልን ሁለት ነገር ብቻ ነው ይላል። አንዱ በቅዱስ ዮሐንስ ቀን በሰልፍ መሄድ። ሌላው ሙታናችንን በሥርዓት መቅበር።

እዚህ ላይ ማንበቤን አቆምኩ። እድር እኮ ነው ይሄ! ሌላ ሁሉ ቢከለከልም፣ ቢያንስ ሰውህን አክብረህ ቅበር። ከዚያ ነው የሚጀመረው።

የለንደኑ ወረቀት በመስከረም 1784 ተፈረመ፤ ቦስተን የደረሰው ግን በሚያዝያ 1787 ነው። ሰውዬው ወረቀት ሲጠብቅ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ገና በ1777 ከሌሎች ሰባት ሰዎች ጋር ሆኖ ባርነት ይቅር ብሎ ለማሳቹሴትስ ምክር ቤት አቤቱታ አስገብቷል። በ1787 መጀመሪያ ደግሞ ወደ አፍሪካ እንመለስ፣ እርዱን ብለው ጠየቁ። አልሆነም። በዚያው ዓመት በጥቅምት ሌላ አቤቱታ ጻፈ። ግብር እንከፍላለን፣ ልጆቻችን ግን ትምህርት ቤት የላቸውም አለ። እኔ ይሄን እንደ ስደተኛ ነው ያነበብኩት። አገር ልግባ ብሎ አልሳካ ሲለው፣ ባለበት አገር ለልጆቹ ትምህርት የጠየቀ አባት ሆኖ ታየኝ። ምክር ቤቱ እሺ አላለም።

የ1788ቱ ነገር ግን ከሁሉም በለጠብኝ። በየካቲት ሦስት ነፃ ጥቁሮችን ሥራ አለ ብለው መርከብ ላይ አስወጧቸው። መርከቡ መልሕቁን ነቅሎ ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ወሰዳቸው፣ ሊሸጧቸው። ከሦስቱ አንዱ የማኅበሩ አባል ነበር። ፕሪንስ ሆል ወዲያው አባላቱን አስፈርሞ አቤት አለ። ኩዌከር የሚባሉት ባርነትን የሚቃወሙ ክርስቲያኖችም፣ የቦስተን ቀሳውስትም አቤቱታ ጨመሩ። በመጋቢት ማሳቹሴትስ የባሪያ ንግድን የሚከለክል ሕግ አወጣች። ከጥቂት ወራት በኋላ ሦስቱም ሰዎች በሕይወት ቦስተን ተመለሱ።

ሙታን ለመቅበር የተፈቀደለት ማኅበር ሕያዋን አስመለሰ። እኛም ጋ እኮ እንዲህ ሆኗል። ኤችአይቪ ሰፈሩን በሚጨርስበት ጊዜ ብዙ የአዲስ አበባ እድሮች ከቀብር አልፈው በሽተኛ መጠየቅ፣ ወላጅ ያጡ ልጆችን መርዳት ጀመሩ። አባዬ ከመዝገቡ ጀርባ የልጆች ስም ይጽፍ ነበር። ከጎኑ ደብተር፣ ጫማ፣ ዩኒፎርም ይላል።

አንድ ነገር ልጨምርላችሁ። ፕሪንስ ሆል በሰኔ 1797 ለአባላቱ ንግግር አድርጓል። ቦታው ሜኖቶሚ ነው፣ የዛሬው አርሊንግተን። በቦስተን መንገድ ላይ በየቀኑ የሚደርስባቸውን ስድብና ድብደባ አንሥቶ፣ ታገሡ ይላቸዋል። ንግሥተ ሳባን ያነሣል። ፊልጶስ ሠረገላው ላይ አብሮት የተቀመጠውን ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ ያነሣል። በባርነት ላይ ስለተነሡት የሄይቲ ሰዎች ሲናገር ደግሞ ኢትዮጵያ ከባርነት ወደ ነፃነት እጇን መዘርጋት ጀመረች ይላል። ሁላችንም በቃላችን የምናውቀው መዝሙር ነው፤ "ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች።" ዐድዋ ሊሆን 99 ዓመት ሲቀረው፣ አንድ ቆዳ ሠራተኛ እኔ ከምኖርበት ብዙም በማይርቅ ቦታ ቆሞ ስማችንን ጠርቷል። ይህን ሳነብ እንባዬ መጣ።

በታኅሣሥ 1807 አረፈ። መቃብሩ ቦስተን፣ ኮፕስ ሂል ነው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ልጆቼን ይዤ ሄድኩ። ትንሿ ልጄ "አያታችን ነው?" አለችኝ። አይደለም አልኳት። ግን ቆመን ጸለይን።

ሰኞ ለእድራችን ጸሐፊ ደወልኩ። "እሺ ብያለሁ፣ መዝገቡን ላኪልኝ" አልኳት። ውዝፍ ያለባቸው 11 ሰዎች ናቸው። ማታ ማታ እየደወልኩላቸው ነው። ስለ ገንዘቡ አላነሣም፤ እንዴት ናችሁ፣ ቤተሰብ እንዴት ነው እላለሁ። አንዷ ሥራ ካቆመች አምስት ወሯ ነው፤ ማናችንም አላወቅንም። አንዱ ደግሞ ስልክ አያነሣም። ሌሊት ፓርኪንግ ነው የሚሠራው አሉኝ። ነገ ጠዋት ከሥራ ሲወጣ ሄጄ እዚያው እጠብቀዋለሁ።