ጭሱ መቼ ነው የሚወጣው? የውሃ መሳቢያ ሞተር ጭስ ምን ይናገራል

ዘሃራ፦ ጤና ይስጥልኝ አድማጮቻችን። የዛሬው ጥያቄ ከቆቦ ነው። ሽንኩርት በመስኖ የሚያለማ ገበሬ «የናፍጣ ሞተሬ ጭስ በዛበት፤ መካኒኩ ይከፈት ይላል፤ ምን ትመክሩኛላችሁ?» ብሎናል። ጋሽ ሰይድ፣ ያስከፍተው?

ጋሽ ሰይድ፦ ኧረ አይሆንም! ሞተር መክፈት የመጨረሻው ሥራ ነው። ብዙ ሰው ስለ ጭሱ ቀለም ብቻ ይነግረኛል። እኔ ግን አስቀድሜ የምጠይቀው መቼ እንደሚወጣ ነው። ጠዋት ሲነሣ ብቻ ነው ወይስ ቀኑን ሙሉ? ውሃ ሲስብ ነው ወይስ ያለ ሥራ ሲዞርም?

ዘሃራ፦ ጥቁር ነው፣ ውሃ መሳብ ሲጀምር ይብስበታል ብሏል።

ጋሽ ሰይድ፦ አብሽሪ፣ እንግዲያውስ መነሻ አገኘን። ጥቁር ጭስ በደንብ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው፤ ጥላሸት። ወይ አየር አንሷል፣ ወይ ናፍጣ በዝቷል፣ ወይ ሞተሩ ከአቅሙ በላይ ተጭኖበታል። ከአየር ፊልትሮው ይጀምር። የበጋውን የቆቦ አቧራ ታውቂው የለ? ፊልትሮው ወረቀት ከሆነ ይቀየር፤ ውሃ አይንካው። ዘይት የሚጨመርበት ዓይነት ከሆነ በናፍጣ ታጥቦ፣ አዲስ ዘይት እስከ ምልክቱ ድረስ ብቻ ይደረግበት። ከዚያ ፑሊውን፣ ማለት ቀበቶው የሚዞርበትን መዘውር፣ ይመልከት። በቅርቡ ተቀይሮ ከሆነ ፓምፑ ከሚገባው በላይ እየፈጠነ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ሞተሩ ይጨነቃል።

ዘሃራ፦ ይህ ሁሉ ደህና ከሆነስ?

ጋሽ ሰይድ፦ ያኔ ኖዝሉ ይጠረጠራል። ኖዝል ናፍጣውን እንደ ጉም አድቅቆ መርጨት አለበት። የሚያንጠባጥብ ከሆነ ናፍጣው በደንብ አይቃጠልም፤ ሞተሩም ሲንኳኳ ይሰማል። አደራ የምለው ግን ኖዝል ሲፈተሽ ማንም እጁን ከፊቱ እንዳያደርግ ነው። የሚወጣው ናፍጣ ቆዳን ሰንጥቆ ይገባል። ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ወዲያውኑ ሐኪም ቤት የሚያስኬድ ነው።

ዘሃራ፦ ቆቦ ላይ ደህና ይሠራ የነበረ ሞተር ደጋ ሲወጣ የሚጨሰውስ ለምንድን ነው? ይህን የጠየቁን ብዙ ናቸው።

ጋሽ ሰይድ፦ እሱ በሽታ አይደለም። ቆቦ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,500 ሜትር ገደማ ናት፣ ደሴ ወደ 2,500። ደሴ ላይ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ፣ ማለት አየር ገፍቶ የሚያስገባ መሣሪያ፣ የሌለው ሞተር የሚገባለት ናፍጣ ያው ሆኖ አየሩ ስለሚያንሰው ጥቁር ያጨሳል። መፍትሔው የናፍጣውን መጠን በባለሙያ ማስቀነስ፣ ጉልበቱም እንደሚቀንስ አውቆ ሸክሙን ማቅለል ነው። በዚህ ምክንያት ደህና ሞተር የተከፈተበትን ሰው ሳይ በጣም ያናድደኛል። ለፋሻ፣ ማለት ለፒስተኑ ቀለበት፣ እና ለጋስኬት፣ ማለት ለመጋጠሚያው ማሸጊያ፣ የሚወጣው ገንዘብ የዘር መግዣው ነው!

ዘሃራ፦ ወደ ነጩ እንለፍ።

ጋሽ ሰይድ፦ በደላንታ ብርድ ጠዋት ነጭ አጭሶ ሲሞቅ የሚተው ከሆነ አያስጨንቅም። ሞቆም ካልተወ ማሽተት ነው። ዓይን የሚቆጠቁጥና ናፍጣ ናፍጣ የሚል ከሆነ ናፍጣው ሳይቀጣጠል እየወጣ ነው፤ የሞተሩ እመቃ፣ ማለት አየሩን ጨምቆ የማሞቅ ኃይሉ፣ ደክሟል፣ ወይም የናፍጣው መርጫ ጊዜ ዘግይቷል። ናፍጣ የማይሸትና አየር ላይ ቶሎ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ እንፋሎት ነው፤ ውሃ ወደ ውስጥ እየገባ ይሆናል።

ዘሃራ፦ ገበሬው ይህን በራሱ ማረጋገጥ ይችላል?

ጋሽ ሰይድ፦ ይችላል። ማቀዝቀዣ ውሃው ከላይ በሚፈስበት ባለ አንድ ፒስተን ሞተር ላይ ሞተሩ ሳይሞቅ፣ ገና እንደ ተነሣ፣ የውሃውን ክዳን ከፍቶ ይመልከት። ሲሞቅማ ውሃው ስለሚፈላ መንተክተኩ ምንም አይነግረውም። ውሃው ገና ቀዝቃዛ ሳለ አረፋ ያለማቋረጥ ከወጣ ግን የቃጠሎው ጋዝ በቴስታታው፣ ማለት በሞተሩ የላይኛው ክዳን፣ ጋስኬት በኩል እያለፈ ነው። ቀጥሎ ሞተሩን አጥፍቶ የዘይት መለኪያውን ይምዘዝ። ዘይቱ ነጣ ብሎ ወተት የነካው ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፤ ያን ሞተር ዳግመኛ እንዳያስነሣው።

ዘሃራ፦ ሰማያዊው ቀረን።

ጋሽ ሰይድ፦ ዘይት እየተቃጠለ ነው። ፋሻ አልቋል ከማለት በፊት ግን ዘይቱ ከልክ በላይ ተሞልቶ እንደሆነ ይታይ፤ የፊልትሮው ዘይትም ጭምር። ሞተር ዘይት ከሳበ ናፍጣው ቢዘጋ እንኳ በራሱ እየፈጠነ ሊሄድ ይችላል። ያኔ የአየር መግቢያውን በጣውላ መድፈን እንጂ በእጅ መንካት አይገባም። ለረጅም ሰዓት ያለ ሥራ ማዞርም ዘይት ያስበላል። 

ዘሃራ፦ ለቆቦው ወንድማችን እንግዲህ ነገ ጠዋት ምን ይሥራ?

ጋሽ ሰይድ፦ ፊልትሮውን አጽድቶ፣ ፑሊውን አይቶ ሞተሩን ያስነሣ። ጥቁሩ ካልቀነሰ ኖዝሉን ብቻ አስፈትቶ መፈተሻ ወዳለው ጋራዥ ይውሰድ። ሞተሩ እዚያው ማሳው ላይ ይቆይ።