ሌክ ትራውትን በዳውንሪገር ማጥመድ፦ ለጀማሪዎች

ጤና ይስጥልኝ! ዛሬ የምናወራው ስለ ሱፒሪየር ሐይቁ ሌክ ትራውት ነው። ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ያላችሁ፣ ሐይቁ ዳር ያለችው ዱሉዝ በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ቢወስድባችሁ ነው።

ይህ ዓሣ ቀዝቃዛ ውኃ ይወዳል። 10 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይመቸዋል። ሰመር ላይ የላዩ ውኃ ሲሞቅ ወደ ታች ይወርዳል። 30፣ 40፣ 50 ሜትር ጥልቀት ላይ መፈለግ የተለመደ ነው። ማባበያውን እዚያ ድረስ አውርዶ እዚያው ለማቆየት ዳውንሪገር የሚባለውን መሣሪያ የሚያህል የለም።

(ምስል፦ በጀልባው ጎን የተገጠመ ዳውንሪገር)

አሠራሩ ቀላል ነው። 4 ወይም 5 ኪሎ የሚመዝን ኳስ በሽቦ ታስሮ ይወርዳል። የማጥመጃው ክር ኳሱ አጠገብ ባለች ክሊፕ ይያዛል። ዓሣው ሲጎትት ክሩ ይላቀቃል፤ ከዚያ በኋላ ትግሉ የእናንተና የዓሣው ነው።

ስታወርዱ አትቸኩሉ። ጀልባው እየሄደ ማባበያውን ወደ ኋላ ከ5 እስከ 10 ሜትር ልቀቁና ክሩን ክሊፑ ላይ አስይዙ። ከዚያ ኳሱን ቀስ እያላችሁ አውርዱ። በጥድፊያ ከወረደ ማባበያው ከሽቦው ጋር ይጠላለፋል። ቦታው ሲደርስ የማጥመጃው ዘንግ እንደ ደጋን እስኪጎብጥ ክሩን ጠቅልሉ።

አሁን ዋናው ነገር። ሌክ ትራውት ብዙ ጊዜ የሐይቁን ወለል ታክኮ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ኳሱ ከወለሉ ምን ያህል እንደራቀ ማወቅ አለባችሁ። የወረደውን ሽቦ ርዝመት የሚለካው የዳውንሪገሩ ቆጣሪ ብቻውን ይህን አይነግራችሁም። ጀልባው ሲሄድ ሽቦው ወደ ኋላ ያዘነብላል፤ ቆጣሪው 45 ሜትር ቢልም ኳሱ ከዚያ ከፍ ብሎ ይሆናል። ወለሉ አሸዋ ወይም ጭቃ ከሆነ ኳሱን እስኪነካ አውርዱት። ሲነካ ሽቦው ላላ ይላል። ወዲያው አንድ ሁለት ሜትር ከፍ አድርጉት። ድንጋይ ያለበት ቦታ ግን አይሞከርም፤ ኳሱ ይያዛል። ከተያዘም ሽቦውን አላሉና በመጣችሁበት ተመለሱ፤ በእጅ ግን በፍጹም እንዳትጎትቱት።

ፍጥነታችሁ በሰዓት ከ2.5 እስከ 3.5 ኪሎ ሜትር ይሁን። ሌክ ትራውት እንደ ሳልሞን ማሳደድ አይወድም። ዓሣ እምቢ ካለ ሰፋ አድርጋችሁ ታጠፉ። በምትታጠፉበት በኩል ያለው ማባበያ ይዘገያል፣ የወዲያኛው ይፈጥናል። የትኛው እንደተነከሰ ካያችሁ ፍጥነት መቀነስ ወይም መጨመር እንዳለባችሁ ትረዳላችሁ። በጣም የምወደው ዘዴ ይሄ ነው።

(ምስል፦ የዘንጉ ጫፍ በቅርበት)

ጫፉን በደንብ እዩት። ትልቅ ዓሣ ሲነክስ ዘንጉ ቀጥ ብሎ ይነሳል፤ ያኔ በፍጥነት ጠቅልሉ። ትንሽ ዓሣ ግን ክሊፑን ማስለቀቅ ያቅተዋል። ጫፉ ዝም ብሎ ይንቀጠቀጣል። ካላስተዋላችሁት ያንን ምስኪን ረጅም መንገድ ስትጎትቱት ትውላላችሁ።

ይህ ዓሣ አዝጋሚ አዳጊ ነው፤ ብዙ አሥርት ዓመታት ይኖራል። በ1950ዎቹ ከመጠን ያለፈ ማጥመድና ላምፕሬይ የሚባለው ደም መጣጭ ፍጥረት በሱፒሪየር ሊያጠፉት ምንም አልቀራቸውም ነበር። የምትለቁትን ሞቃቱ ውኃ ላይ አታቆዩት፤ መንጠቆውን ቶሎ ንቀሉለትና ይሂድ። ለመያዝ የሚፈቀደውን ብዛት የዘመኑ ደንብ ላይ እዩ። በሚኒሶታ በኩል የምታጠምዱ ከሆነ ከተለመደው ፈቃድ ሌላ የትራውት ስታምፕም ያስፈልጋችኋል፤ ሁለቱንም ከቤት ሳትወጡ በኦንላይን መግዛት ይቻላል።