ከቀለሙ በፊት ቦታው

ሰላም፣ እንደምን ከረማችሁ። ዛሬ የማነሳው ስለ ሙሉ ሰው ሰራሽ ጥርስ መልክ ነው፤ ላይም ታችም አንድ ጥርስ ላልቀረው ሰው ስለሚሠራው። ማኘኩንና አጥብቆ መያዙን ለሌላ ቀን ላቆየው።

ሰው ሰራሽ ጥርስ ያደረገን ሰው ከሩቅ እንለየዋለን። በምን ለየኸው ሲባል አብዛኛው ሰው «በጣም ነጣ» ይላል። እኔ ግን ዓይናችን ቀድሞ የሚይዘው ቦታውን ይመስለኛል። ቦታውን የሳተ ጥርስ የፈለገው ዓይነት ቀለም ቢመረጥለት አያምርም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥርስ ሲነቀል ይዞት የነበረው አጥንት ይመነምናል። ከላይኛው መንጋጋ ፊት ለፊት በኩል ደግሞ የሚመነምነው ወደ ላይና ወደ ውስጥ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምናየው የድድ ጉብታ የድሮው ጥርስ የቆመበት ቦታ አይደለም፤ ወደ ኋላ ሸሽቷል። ጥርሱ ልክ በጉብታው አናት ላይ ከተደረደረ ከንፈር መደገፊያ ያጣል። ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ ቀዩ ክፍል ይሳሳል፣ ከበላዩ ያለው ቆዳ ይሸበሸባል። ሰውየው ጥርስ አስገብቶም ጥርስ የሌለው ይመስላል።

ታዲያ የድሮው ቦታ በምን ይታወቃል? ምላሳችሁን ከላይኞቹ ሁለት የፊት ጥርሶች ጀርባ ወዳለው ላንቃ ስደዱት። አንዲት ትንሽ የሥጋ ጉብታ ታገኛላችሁ። ጥርስ ከወለቀም በኋላ ያቺ ጉብታ አትጠፋም። የፊት ጥርሶቹ የውጭ ገጽ ከእሷ መሐል ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 10 ሚሊሜትር ወደ ፊት ይወጣል። የሁለቱን ክራንቻዎች ጫፍ የሚያገናኘው መስመርም በእሷ አጠገብ ያልፋል። አጥንቱ በጣም ከመነመነ እሷም ትንሽ ስለምትሸሽ የመጨረሻው ዳኛ ከንፈር ነው።

ጥርስ ከመደርደሩ በፊት የጥርሱን ቦታ የሚይዝ በሰም የተሠራ ጠርዝ አፍ ውስጥ ይገባል። የላይኛው ፊት ለፊት ወደ 22፣ የታችኛው ወደ 18 ሚሊሜትር ከፍታ ይዞ ይጀመራል፤ ከዚያ በቢላ እየተቀነሰ፣ ሰም እየተጨመረበት ለባለቤቱ ፊት ይስተካከላል። ከንፈር ዘና ሲል ከላይኛው ጥርስ 1 ወይም 2 ሚሊሜትር ቢታይ ጥሩ መነሻ ነው። ዕድሜያቸው ለገፋና ላይኛው ከንፈራቸው ረጅም ለሆነ ሰዎች ከዚህም ያነሰ ይሁን፤ የሰባ ዓመት አዛውንት አፍ ላይ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ጥርስ ፊቱን ያጣላዋል። ጠርዙ ከፊት ሲታይ ከሁለቱ ዓይን ብሌኖች መስመር ጋር ትይዩ መሆን አለበት። ጥቂት እንኳ ካዘነበለ ሰው ምን እንደሆነ ባይገልጸውም አንድ ነገር እንደተጣመመ ያውቃል።

ድምፅም መለኪያ ነው። «ፍ» ሲባል የላይኛው ጥርስ ጫፍ የታችኛውን ከንፈር እርጥቡና ደረቁ ክፍል የሚገናኙበት ላይ ቀለል አድርጎ ይነካል። ጥርሱ ከረዘመ «ፍ» ወደ «ቭ» ያጋድላል። ቀጥሎ ታካሚው «ስልሳ ስድስት፣ ስልሳ ሰባት» እያለ ይቁጠር። በ«ስ» ላይ የላይኛውና የታችኛው ጥርስ 1 ሚሊሜትር ያህል ይቀራረባሉ እንጂ አይነካኩም። ቀጭ ቀጭ ካለ የላይኛውና የታችኛው ጥርስ ከፍታ ተደምሮ በዝቷል፤ እንዲህ ሲሆን ከንፈርም በጭንቅ ነው የሚገጥመው፣ ጡንቻም ይደክማል። ከፍታው ካነሰ ደግሞ አገጭ ወደ አፍንጫ ይጠጋል፣ የአፍ ጥግ ይታጠፋል፣ ምራቅ እዚያ እየተጠራቀመ ቆዳው ይቆስላል። መንጋጋ ሲያርፍ በላይኛውና በታችኛው መካከል ከ2 እስከ 4 ሚሊሜትር ክፍተት መቅረት አለበት።

አሁን ወደ አደራደሩ። እንደ አጥር የተሰለፉ፣ እኩል የተከረከሙ ስድስት ጥርሶች ወዲያው ይታወቃሉ። ሁለቱ የመሐል ጥርሶች ጎልተው ይቁሙ፤ ከጎናቸው ያሉት ከግማሽ እስከ 1 ሚሊሜትር ከፍ ብለው ጥቂት ይዙሩ። ክራንቻው አንገቱ ላይ ወደ ውጭ ወጣ ይበል፣ ከፊት ሲታይም የፊተኛው ግማሹ ብቻ ይታይ። ለአዛውንት የጥርሶቹ ጫፍ በስሱ ቢሞረድ ዕድሜ የበላው ይመስላል። የወጣትነት ፎቶግራፍ ካለ ይዞ መምጣት ከየትኛውም ቀመር ይበልጣል። የኋላ ጥርሶች እስከ ጉንጭ ድረስ መሙላት የለባቸውም፤ ሲስቁ በአፍ ጥግ የምትታየው ትንሽ ጥላ ካልቀረች አፉ ጥርስ ብቻ ይሆናል።

ቀለሙ በቀን ብርሃን፣ ናሙናውን በውኃ አርሶ፣ ለጥቂት ሰከንድ እያዩና ዓይንን እያሳረፉ ይመረጥ። ክራንቻ ከሌሎቹ ጠቆር ያለ ነው፤ ስድስቱም አንድ ዓይነት ከሆኑ የተፈጥሮ አይመስሉም።

ድዱን ብዙ ሰው ይረሳዋል። በጥርሶቹ መካከል ያለው ሮዝ አክሪሊክ (ድዱ የሚሠራበት ፕላስቲክ) ተሞልቶ ሞላ ያለ ይሁን፤ ከተቦረቦረ ምግብ ይይዛል፣ ጥላ ጥሎም ጥርሱን ያስረጀዋል። የጥርሱ ሥር ቅርጽ በድዱ ላይ በስሱ ጎላ ይበል፣ የክራንቻው ደግሞ ረዘም ይበል። ከአፍንጫ ሥር ያለው ጠርዝ ከወፈረ ግን ከንፈር ያበጠ ይመስላል።

ይህ ሁሉ የሚታረመው ጥርሱ ገና ሰም ላይ ሳለ ነው። በሙከራው ቀን የእጅ መስታወት አፍ ላይ ደቅኖ ማየት ያሳስታል፤ አንድ ሜትር ያህል ርቆ፣ ቆሞ፣ እያወሩና እየሳቁ መታየት አለበት። እናታችሁን ይዛችሁ ከሄዳችሁ እናንተም እዩ፤ «ምን ይመስልዎታል?» ብላችሁ ጠይቁና ታገሡ፤ አፍረው «ይሁን» ሊሉ ይችላሉ። ሰሙ ወጥቶ አክሪሊኩ በሻጋታው ውስጥ በሙቅ ውኃ ለሰዓታት ከበሰለ በኋላ አንድ ጥርስ ለማዞር እንኳ መቁረጥ ያስፈልጋል። የድሮ ሰው ሰራሽ ጥርስ ካላቸው፣ ቢጠሉትም ይዘውት ይምጡ፤ ሐኪሙ ርዝመቱን ለክቶ ከየት ጀምሮ ማረም እንዳለበት ያያል።