መድኃኒቱ የሥጋ ደዌ ነው፣ የልጄ ሕመም ግን ሌላ ነው

እንደምን ዋላችሁ ወላጆች፣ መምህራን። እዚህ ደሴ የልጅን ሕመም በአደባባይ ማውራት ብዙም አልተለመደም። እኔም ሦስት ዓመት ዝም ብያለሁ።

ልጄ አራት ዓመቷ ነበር። እንብርቷ ሥርና ጭኗ ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር ወጣባት። ስታክ ታድራለች። አንዱ ሲፈርጥ በዳሩ ዙሪያ አዳዲሶቹ ይበቅላሉ፣ ልክ በክር እንደተሰካ ጨሌ። አንዱ ጎረቤት ምች ነው አለ፣ ሌላው አልማዝ ባለጭራ፣ እኔም የእከክ ቅባት ቀባኋት። የምትውልበት መዋያ ደግሞ ሌሎቹን ታስይዛለች ብሎ መለሳት። ያ ቀን እስካሁን ያመኛል።

በሽታው ሊኒየር አይጂኤ ይባላል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በሽታ የሚከላከልልን የሰውነታችን አቅም ተሳስቶ የላይኛውን ቆዳ ከታችኛው ጋር የያዘውን ክፍል ያጠቃል፣ ቆዳው ሲላቀቅ መሃሉ ውሃ ይሞላል። ብዙ ጊዜ ገና ትምህርት ቤት ያልገቡ ልጆች ላይ ይጀምራል። አዋቂም ይይዘዋል፤ አንዳንዱን ቫንኮማይሲን የሚባል መድኃኒት ይቀሰቅስበታል። በዓይን ብቻ አይለይም፣ ከቆዳ ናሙና ተወስዶ ልዩ ምርመራ ይደረጋል።

የታዘዘላት ዳፕሶን ነው። አዎ፣ እነ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለሥጋ ደዌ የሚሰጡት ዳፕሶን። አማቴ ሲሰሙ «ይቺን ልጅ ሰው ምን ይላታል?» ብለው አለቀሱ። እኔም ኪኒኑን ሦስት ቀን ሸሸግኩት፣ እሷ በላይ በላዩ እየቆሰለች። ሐኪሙ አስቀምጦ አስረዳኝ፦ እዚያ ባክቴሪያውን እንዳይራባ ይገታል፣ እዚህ ግን የቆዳውን ቁጣ ያበርዳል። ከጀመረች በኋላ በቀናት ውስጥ አዲስ መውጣቱ ቆመ።

ግን እባካችሁ፣ ከመጀመሩ በፊት ጂሲክስፒዲ የሚባለው፣ ቀይ የደም ሴልን የሚጠብቅ ንጥረ ነገር በደም ምርመራ ይታይ። እሱ የሚያንሰው ልጅ በዚህ መድኃኒት ቀይ የደም ሴሉ ክፉኛ ይፈርሳል። ከዚያም በኋላ ደም እየተመረመረ ነው የሚወሰደው። ከንፈር ከጠቆረ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ሽንት ከጠቆረ ቶሎ ወደ ሐኪም ነው። ዓይን ከቀላም እንዲሁ፣ በሽታው ራሱ ዓይን ውስጥ ጠባሳ ሊተው ይችላል።

አሁን ሰባት ዓመቷ ነው። ብዙዎቹን ልጆች ጉርምስና ሳይደርሱ ይተዋቸዋል ብለውኛል። እሷን እስካሁን አልተዋትም፣ የመድኃኒቷ መጠን ግን ቀንሷል።

መምህራን፣ ውሃ የቋጠረ ልጅ ስታዩ ከመመለሳችሁ በፊት የሐኪም ወረቀት ጠይቁ። ልጁ እንዲህ የሆነበት ወላጅ ካለ ደግሞ በሩ ጋ እቆያለሁ፣ ይምጣና ያናግረኝ።