የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ ያበጠ ባትሪና የደጋ ብርድ

የዛሬዎቹ ሦስት ደዋዮች ከወሎ ናቸው። የሁሉም ጭንቀት የድሮን ባትሪ ነው።

ከኩታበር፣ የሰርግ ካሜራማን፦ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ባትሪው 100 በመቶ እያለ ድሮኔን አስነሳሁ። ወዲያው "ባትሪ ዝቅተኛ ነው" ብሎ ራሱ ማረፍ ጀመረ። አሮጌ ባትሪ ሸጠውልኝ ይሆን?

ላይሆን ይችላል፣ ወንድሜ። መጀመሪያ ብርዱን ጠርጥር። ሊቲየም ባትሪ ሲቀዘቅዝ ይለግማል። የውስጥ ተቃውሞው፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ እንዳይወጣ የሚይዘው ነገር፣ ይጨምርና ሞተሮቹ በአንዴ ጉልበት ሲጠይቁት ቮልቱ ዘጭ ይላል። ያየኸው 100 ምን ያህል እንደሞላ እንጂ በዚያ ብርድ ምን ያህል እንደሚሰጥ አይነግርህም። ባትሪዎቹን ጃኬትህ ውስጥ ይዘህ ውጣ። ወደ 20 ዲግሪ ሲጠጉ ግጠማቸው። ምድጃ ዳር ግን እንዳታሞቃቸው! ስታስነሳው ለአንድ ደቂቃ ያህል ዝቅ አድርገህ አቁመውና ቮልቱን እይ። ቶሎ ከወረደ አሳርፈው፤ ሙሽሮቹ ይጠብቃሉ።

ሌላው ከፍታው ነው። ደሴ ዙሪያ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ፕሮፔለሩ ይበልጥ መሽከርከር አለበት። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ደቂቃ አትጠብቅ። ደግሞ በራሱ ሲመለስ የሚበርበት ከፍታ የሚለካው ካስነሳህበት ቦታ ነው። ከጦሳ ተራራ ግርጌ ተነስተህ 30 ሜትር ላይ ከተውከው ገደሉን ይገጨዋል። ሳትበር አስተካክለው።

ከሐይቅ፣ የፎቶ ቤት ባለቤት፦ ባትሪዬ ትንሽ አብጧል። ልጄ በመርፌ ልብሳው ይለኛል።

ጋሼ፣ መርፌውን ይቀሙት! የነፋው ጋዝ የባትሪው ውስጥ ሲበላሽ የተፈጠረ ነው። ሲበሳ ውስጡ ሾርት አድርጎ ሊቀጣጠል ይችላል። "ትንሽ" ማበጥ ብሎ ነገር የለም። ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው በጣት ሲነኩት እንደ እንቁላል የሚወዛወዝ ከሆነ አለቀለት። ቻርጅ አያድርጉት፣ ድሮኑ ላይም አይግጠሙት፤ በደንብ ስለማይገባ አየር ላይ ሊወልቅ ይችላል። አሸዋ ባለበት የብረት ዕቃ አድርገው ከቤት ውጭ ያስቀምጡት። ለቀሩት ደግሞ፣ ሰርግ በሌለበት ወር ሞልተው አያስቀምጧቸው። ከ40 እስከ 60 በመቶ ይበቃቸዋል።

ከኮምቦልቻ፣ አንዲት ተማሪ፦ በአውሮፕላን ስሄድ ባትሪውን ሻንጣ ውስጥ ልክተተው?

በእጅ በሚያዘው ቦርሳ፣ እህቴ፤ ለጭነት በሚሰጠው አይሆንም። የባትሪውን ጫፍ በፕላስተር ሸፍኚው። የሚይዘው ጉልበት ከ100 ዋት ሰዓት (Wh) በላይ ከሆነ አየር መንገዱን ቀድመሽ አስፈቅጂ። ቁጥሩ ባትሪው ጀርባ ላይ ተጽፏል።